የውኃ ኃይልና የመጪው ዘመን ውጥን
ለአጣዬና ለይፋት ቆላ መምህራንና ሽማግሎች የተዘጋጀ ንግግር



ማታ በአጣዬ ከተማ የሚበራው የኤሌክትሪክ መብራት ከአጣዬ ወንዝ የተወለደ አይደለም። የአጣዬ ወንዝ፥ እንደ ወንድሞቹ እንደ ጀውሃና እንደ ሮቢ፥ ከደጋው ተነሥቶ ወደ አዋሽ ሸለቆ ይወርዳል፤ አዋሽም ከባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር በአቤ ሐይቅ ዘንድ ያልቃል። መብራቱ ግን የሚመጣው ከሩቅ አገር ውኃ ነው፤ ከኦሞ፥ ከተከዜ፥ ከጣና፥ ከዓባይ። በእነዚህ ወንዞች የሚመነጨው ኃይል በአንድ ታላቅ መረብ ይደባለቅና፥ በረጃጅም የብረት ምሰሶ ላይ በተዘረጋ ሽቦ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን፥ ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት፥ ከዚያም ወደ ኮምቦልቻ ያልፋል። ስለዚህ በጎጃም ወይም በከፋ በኩል የዘነበ ዝናም በይፋት ቆላ ለተማሪ መጽሐፍ ብርሃን ይሆናል፤ በዚያ ዝናሙ ሲጎድል ደግሞ በዚህ ወፍጮ ይቆማል።

እንዲህ ያለው ነገር ቀድሞ አልነበረም። የቀድሞ ሰው በጎተራውና በማሽላ ጉድጓዱ ያለውን እህል ራሱ ያውቅ ነበር፤ ሲያልቅበትም ራሱ ያይ ነበር። አሁን ግን የኤሌክትሪክ ኃይል የሕዝብ ሁሉ አንድ ጎተራ ሆኗል። የአንድ ሰው ጎተራ በአንድ ሰው ልብ ይተዳደራል፤ የሕዝብ ጎተራ ግን በምክርና በቈጠራ ካልሆነ አይተዳደርም። የዚህም ንግግር ዓላማ ይህ ነው፤ ለመጪው ዘመን የሚደረገው የውኃ ኃይል ውጥን በአዲስ አበባ ባሉ መሐንዲሶች ብቻ የሚፈጸም እንዳይደለ፥ ቈጠራውም ከየመንደሩ መጀመር እንደሚገባው፥ የደጋውና የቆላው፥ የላይኛውና የታችኛው አገር ሰው በአንድነት ሊመክርበት እንደሚያስፈልግ ለማስረዳት ነው።

1ኛ፤ ውኃ እንደ ምን ኃይል እንደሚሆን

ውኃ ኃይል የሚሆነው በሁለት ነገር ነው፤ በብዛቱና በሚወድቅበት ከፍታ። በሜዳ ላይ የተኛ ሐይቅ ምንም ቢሰፋ መዘውር አያዞርም፤ ከረጅም ገደል የሚወርድ ውኃም እንደ ክር የቀጠነ እንደ ሆነ ሥራው ጥቂት ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ውኃው በቧንቧ ታፍኖ ይወርድና ተርባይን የሚባለውን መዘውር ያዞራል፤ መዘውሩም ጀነራተሩን ያዞራል፤ ከጀነራተሩም ኤሌክትሪክ ይወጣል።

መምህራን ይህን በሒሳብ ለተማሪዎቻቸው ሊያሳዩት ይችላሉ። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 1000 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ይህን ያህል ውኃ በያንዳንዱ ሴኮንድ ከ100 ሜትር ከፍታ ቢወድቅ 981 ኪሎ ዋት ኃይል ይሰጣል። በቧንቧውና በመኪናው ውስጥ በመተሻሸት የሚጠፋው ሲቀነስ 800 ኪሎ ዋት ገደማ ይቀራል። አንድ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይፈጃል፤ ስለዚህ ይህ ሁሉ ውኃ በአንድ ጊዜ የሚያግለው ምጣድ 200 ያህል ብቻ ነው። ያው ኃይል 10 ዋት ለሚፈጅ ትንሽ አምፑል ቢሰጥ ግን 80,000 አምፑል ያበራል። በእነዚህ በሁለቱ ቍጥሮች መካከል ያለውን ልዩነት ያስተዋለ ሰው፥ ኃይልን ማመንጨት አንድ ነገር፥ ለምን ሥራና በስንት ሰዓት እንደሚውል ማሰብ ሌላ ነገር መሆኑን ወዲያው ይረዳዋል።

የይፋት አገር ከፍታ አልጎደለውም። ጣርማበር ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ አጣዬ ደግሞ 1500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ዳሩ ግን ወንዙ በክረምት ድንጋይ የሚያንከባልል ጎርፍ ሲሆን፥ በጋ በገባ ጊዜ በጠጠር መካከል የሚፈለግ ይሆናል። የውኃው ብዛት በበጋ ወደ ዐሥረኛ እጁ የወረደ እንደ ሆነ፥ ያ 200 ምጣድ 20 ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህም ሰው ግድብን ሠራ። ግድብ ማለት የክረምትን ውኃ ለበጋ የሚያቈይ ጎተራ ነው። ግድቡ ትልቅ የሆነለት አገር የዘንድሮን ውኃ ለከርሞ እንኳ ያሳድራል፤ ግድብ የሌለው ግን እንደ ዕለት ሠራተኛ የዕለቱን በልቶ ያድራል።

2ኛ፤ ከአንኮበር ወፍጮ እስከ ዓባይ ግድብ

ውኃን በሥራ ማሰማራት ለዚህ አገር ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘመን በአንኮበር አጠገብ በውኃ የሚዞር ወፍጮ በውጭ አገር ባለ እጅ ተሠርቶ ነበር። የሴቶችን ክንድ ከመጅ ለማሳረፍ የታሰበ የመጀመሪያው ብልሃት ከዚሁ ከይፋት ራስጌ ላይ እንደ ታየ ማሰብ ደስ ያሰኛል።

የኤሌክትሪክ መብራት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። ከቀደሙት የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ በአቃቂ ወንዝ ላይ ያለው የአባ ሳሙኤል ግድብ ሲሆን፥ ኃይሉ ከ7 ሜጋ ዋት አይበልጥም ነበር፤ አንድ ሜጋ ዋት 1000 ኪሎ ዋት ነው። ይህ ግድብ በደለል ተሞልቶ፥ መኪናውም አርጅቶ ብዙ ዘመን ቆሞ ከኖረ በኋላ እንደ ገና ታድሷል። በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ። በ1952 ዓ.ም. ደግሞ ኢጣልያ በከፈለችው የጦር ካሣ የተሠራው የቆቃ ግድብ በአዋሽ ላይ ሥራውን ጀመረ፤ ኃይሉም 43.2 ሜጋ ዋት ነበር። ቀጥሎ ከቆቃ በታች አዋሽ ሁለትና አዋሽ ሦስት የሚባሉት ማመንጫዎች እያንዳንዳቸው 32 ሜጋ ዋት እንዲሰጡ ሆነው ተሠሩ። በዚህም አንዱ ውኃ በሦስት ቦታ ወድቆ ሦስት ጊዜ ይሠራል። ይህ ለብልህ ውጥን መልካም ምሳሌ ነው።

ከዚያም ወዲህ ሥራው እየሰፋ ሄደ። በጢስ ዓባይ፥ በፊንጫ፥ በመልካ ዋከና፥ በጊቤ ማመንጫ ተተከለ። በ2002 ዓ.ም. ብቻ ጊቤ ሁለት 420፥ ተከዜ 300፥ ጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት ይዘው ተመረቁ። በ2009 ዓ.ም. በኦሞ ወንዝ ላይ ጊቤ ሦስት 1870 ሜጋ ዋት ይዞ ተመረቀ። በመጨረሻም መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተቀመጠው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ኃይሉ 5150 ሜጋ ዋት፥ የሚይዘውም ውኃ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው። ከቆቃ ጋር ሲመዛዘን 119 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ለሥራውም ገበሬው፥ ነጋዴው፥ መምህሩ፥ ወታደሩ ከገቢው እየቈረሰ ቦንድ ገዝቶበታል።

ከዚህ ታሪክ አንድ ትምህርት ይገኛል። የዓባይ ግድብ ሲጀመር አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ፥ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ሳለ ግድቡ ገና አልተመረቀም ነበር። እንዲህ ያለውን ሥራ ችግሩ ከደረሰ በኋላ የሚጀምር ሰው ሁልጊዜ ይዘገያል። ስለዚህ ባለ ውጥኑ የሚያስበው ዛሬ ለሚጠየቀው መብራት ሳይሆን፥ ከዐሥርና ከሃያ ዓመት በኋላ ለሚመጣው ፍላጎት ነው።

3ኛ፤ ግድብ ብቻውን ስለማይበቃ

በኢትዮጵያ ከሚመነጨው ኤሌክትሪክ ከመቶው ከዘጠና እጅ የሚበልጠው ከውኃ ነው። ይህ ታላቅ በረከት ነው፤ ነዳጅ አይገዛበትም፥ ጢሱም አየሩን አያበላሽም። ዳሩ ግን ሀብቱን ሁሉ በአንድ ዓይነት እህል ላይ ያደረገ ገበሬ የሚያገኘው ሥጋት በዚህም አለ።

የመጀመሪያው ሥጋት የዝናም መጉደል ነው። በ2011 ዓ.ም. በግንቦት ወር የጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ በጣም ስለ ቀነሰ መንግሥት ኤሌክትሪክን በፈረቃ አከፋፈለ፤ ወደ ሱዳንና ወደ ጅቡቲ የሚሸጠውንም ለጊዜው አቋረጠ። ለዚህ ሥጋት መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንደኛው፥ ዝናማቸው በተለያየ ወራት የሚወርድ ወንዞችን በአንድ መረብ ማገናኘት ነው፤ የሰሜኑና የምዕራቡ ወንዞች በክረምት ሲሞሉ፥ በ2012 ዓ.ም. 254 ሜጋ ዋት ይዞ የተመረቀው የገናሌ ዳዋ ሦስት ግድብ ግን በጸደይና በበልግ ዝናም በሚታወቀው በደቡብ ምሥራቅ አገር ነው። ሁለተኛው፥ ከውኃ ውጭ ያለውን ኃይል መጨመር ነው። ነፋስ በበጋ ይበረታል፤ በጋ ደግሞ የግድብ ውኃ የሚጎድልበት ወራት ነው። ስለዚህ በአሸጎዳና በአዳማ የተተከሉት የነፋስ መኪናዎች ለግድቡ እንደ ደቦ ጓደኛ ናቸው፤ እነርሱ በሚሠሩበት ሰዓት ውኃው በግድቡ ይቈያል።

ሁለተኛው ሥጋት ደለል ነው። ግድብ የሚሞተው በእርጅና ብቻ አይደለም፤ ሆዱ በአፈር ሲሞላ ይሞታል። የቆቃ ግድብ ከተሠራ ወዲህ ብዙ አፈር ስለ ገባበት የሚይዘው ውኃ እጅግ ቀንሷል። ያ አፈር ከየት መጣ ቢባል፥ ዛፍ ከተቈረጠበት ተራራና እርከን ካልተሠራለት ማሳ ነው። የይፋት ወንዞች ወደ ቆቃ አይገቡም፤ ከእርሱ በታች ከአዋሽ ይቀላቀላሉ፤ የሚሸከሙት አፈር ግን በአፋር በተንዳሆ ግድብ ፊት ይቆማል፥ ያም ግድብ የመስኖ ግድብ ነው። እንግዲህ በማጀቴ ራስጌ የተናደ ማሳ ሁለት ሰው ይጎዳል፤ አፈሩ የሄደበትን ገበሬ፥ አፈሩ የመጣበትንም ባለ መስኖ። በይፋት ገደላማ አገር በድንጋይ እርከን ማበጀት የአባት ሥራ ነው። በየዓመቱ ከጥር ጀምሮ በወል የሚሠራው የእርከን ሥራም ለማሳው ብቻ ሳይሆን ለወንዙ ሁሉ የሚሠራ ሥራ መሆኑን ሽማግሎች ለወጣቶች ቢያስረዱ፥ ሥራው በግዴታ ሳይሆን በፈቃድ ይሆናል።

ሦስተኛው ሥጋት የምድር መናወጥ ነው። በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬ በኩል በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴ መፍረሷን የአገሩ ሰው ከአባቶቹ ሰምቷል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በፈንታሌና በአዋሽ ዙሪያ ምድር ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ ብዙ ሺህ ሰው ከቀዬው ተነሣ፤ ስለ ከሰም ግድብም ብዙ ሥጋት ሆነ። በዚህ ስምጥ ሸለቆ ዳር ግድብ ለመሥራት የሚያስብ ሁሉ ወንዙን ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለውን ዐለት መመርመር አለበት። የሽማግሎች ትዝታም በዚህ ጊዜ ይጠቅማል፤ ምድር የት እንደ ተሰነጠቀ፥ ምንጭ የት እንደ ደረቀ፥ የትኛው ገደል እንደ ተናደ የሚያስታውስ ሰው ለመሐንዲሱ መንገድ መሪ ነው።

4ኛ፤ የላይኛውና የታችኛው አገር

አንድ ወንዝ የሚታሰበው ከምንጩ እስከ መጨረሻው ነው። ይህን የረሳ ውጥን ምን እንደሚያስከትል አዋሽ ራሱ ምስክር ነው። ቆቃ ከተገደበ በኋላ ወንዙ ዓመቱን ሙሉ በልክ ይወርድ ጀመር፤ በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቁሞ በመካከለኛውና በታችኛው ሸለቆ ሰፋፊ የጥጥና የሸንኮራ እርሻ ተስፋፋ። ለአገር ገቢ ተገኘ፥ ለብዙ ሠራተኛም እንጀራ ሆነ። ነገር ግን ያ ወንዝ ዳር መሬት ባዶ አልነበረም። ከክረምት ጎርፍ በኋላ ሣር የሚበቅልበት፥ የአፋር አርብቶ አደር በበጋ ከብቱን የሚያሳድርበት መሬት ነበር። ቈጠራው ሄክታሩንና ውኃውን ቈጠረ፤ የበጋውን ሣርና ባለቤቱን ግን በሚገባ አልቈጠረም። በ1960ዎቹ አጋማሽ ድርቅ በመጣ ጊዜ ከብቱ የሚሸሽበት ቦታ ጠቦበት ነበርና ጉዳቱ በአርብቶ አደሩ ላይ በረታ።

ይህ የሚነገረው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። የይፋት ቆላ አማራው፥ ኦሮሞው፥ አርጎባው፥ አፋሩ በገበያና በጋብቻ፥ በውኃና በግጦሽ የሚገናኝበት አገር ስለ ሆነ፥ ትምህርቱ ከሁሉ ይልቅ ለዚህ አገር ስለሚያስፈልግ ነው። ከወንዝ ራስ ላይ የተከፈተ ቦይ ከታች የደረቀ ኩሬ ሊሆን ይችላል። በላይ የሚወጠን ሥራ ሁሉ ከመጀመሩ በፊት የታችኛው ሰው በሸንጎ ሊጠየቅ ይገባዋል፤ የተጠየቀ ሰው ጥቂት ቢቀርበት ይታገሣል፥ ያልተጠየቀ ግን ብዙ ቢሰጠውም ይቀየማል። ያለ ሰላምም ብርሃን አይጸናም። በ2013 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር አጣዬ ስትቃጠል፥ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢትና እስከ ደብረ ሲና ሲደርስ የደረሰውን መከራ ያየ ሰው፥ የብረት ምሰሶን የሚያቆመው ብረቱ ብቻ እንዳይደለ ያውቃል።

5ኛ፤ ከሌላ አገር የሚገኝ ትምህርት

በሰሜን አሜሪካ፥ በምዕራብ በኩል፥ ኮሎምቢያ የሚባል ታላቅ ወንዝ አለ። መንግሥት በዚያ ወንዝ ላይ እንደ ቦንቪልና እንደ ግራንድ ኩሊ ያሉ ግድቦችን ሠርቶ ኃይሉን ለሕዝብ በርካሽ አከፋፈለ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ግን የሚያስፈልገው ኃይል በጣም እየበዛ እንደሚሄድ ተገመተና አምስት ታላላቅ የአቶም ኃይል ማመንጫዎች በብድር ተጀመሩ። ግምቱ ከልክ ያለፈ ነበር፤ ወጪው በዛ፥ ፍላጎቱም እንደ ተባለው አላደገም። ከአምስቱ አንዱ ብቻ ተፈጸመ። በ1975 ዓ.ም. የሁለቱ ብድር ሳይከፈል ቀረ፤ ገንዘቡም 2.25 ቢሊዮን ዶላር ነበር።

የዚያ አገር ሰዎች ከዚህ ጥፋት ሳለ ተማሩ። በ1973 ዓ.ም. በወጣ ሕግ አራቱ ክፍለ አገሮች፥ ዋሽንግተን፥ ኦሪገን፥ አይዳሆና ሞንታና፥ ከየራሳቸው ሁለት ሁለት ሰው መርጠው አንድ ሸንጎ አቋቋሙ። ሸንጎው ለሃያ ዓመት የሚሆን ውጥን ያወጣል፥ በየአምስት ዓመቱም እንደ ገና ይመረምረዋል፤ ሕዝቡም አሳቡን እንዲሰጥ ይጠየቃል። በሕጉ ውስጥ ሁለት ነገሮች በተለይ ይደነቃሉ። አንደኛ፥ አዲስ ማመንጫ ከመሥራት በፊት ያለውን ኃይል መቈጠብ እንዲቀድም ታዘዘ፤ የተቈጠበ ኃይል እንደ ተመነጨ ኃይል ተቈጠረ። ሁለተኛ፥ ግድቦቹ ስለ ጎዷቸው የወንዙ ዓሦች ከኤሌክትሪኩ ጋር እኩል እንዲታሰብ ተደረገ።

የዚያ አገር ሀብትና የዚህ አገር ችግር አይመሳሰሉም። እነርሱ ያሳታቸው ከሚያስፈልገው በላይ መገመት ነው፤ በኢትዮጵያ ግን ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ገና መብራት አላገኘም። ያም ሆኖ ብልሃቱ አንድ ነው፤ ውጥን አንድ ጊዜ ተጽፎ የሚዘጋ መጽሐፍ ሳይሆን በየጊዜው የሚታረም መዝገብ ነው፤ የሚያርሙትም የወጠኑት ብቻ ሳይሆኑ የሚኖሩበትም ጭምር ናቸው።

6ኛ፤ በየመንደሩ ሊቈጠር ስለሚገባው

በ2010 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሪክ ማዳረሻ መርሐ ግብር እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ ለሕዝቡ ሁሉ መብራት ለማድረስ አስቦ ነበር፤ ከመቶው 65 እጁን በታላቁ መረብ፥ 35 እጁን ደግሞ ከመረቡ ውጭ በፀሐይና በትንንሽ ማመንጫ። ቀኑ ሲደርስ አሳቡ ገና አልተፈጸመም ነበር። የቀረው ሥራ ብዙ ስለ ሆነ፥ ቀድሞ የተዘጋጀ መንደር ሥራው ሲደርስለት ይጠቀማል።

ገበሬው ደጋግሞ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ «ታላቁ ሽቦ በማሳዬ ላይ ያልፋል፥ ለምን ከዚያ አይቀጠልልኝም?» ይላል። ጥያቄው ፍትሐዊ ነው፥ መልስም ይገባዋል። በረጃጅሙ ምሰሶ ላይ ያለው ኃይል ለሩቅ ጕዞ ግፊቱ እጅግ ከፍ የተደረገ ስለ ሆነ ለቤት አይሆንም፤ መጀመሪያ በማከፋፈያ ጣቢያ፥ ቀጥሎም በመንደሩ አጠገብ በሚሰቀለው ትራንስፎርመር ግፊቱ መውረድ አለበት። ትራንስፎርመሩ ደግሞ ልክ አለው። ለአምፑል ብቻ ተብሎ በተሰቀለው ላይ ወፍጮና ምጣድ ሲጨመርበት ይግላል፥ በመጨረሻም ይቃጠላል፤ መንደሩም ለብዙ ወር በጨለማ ይኖራል። እንግዲህ የመንደር ቈጠራ ሐሰት የሆነ እንደ ሆነ ቅጣቱ የሚወርደው በዚያው በመንደሩ ላይ ነው።

ስለዚህ አራት ነገር በትምህርት ቤቱ መዝገብ ቢጻፍ መልካም ነው።

የመጀመሪያው ፍላጎት ነው። ስንት ቤት አለ፥ ስንት ወፍጮ፥ ጤና ጣቢያው ምን መኪና አለው፥ ለሽንኩርትና ለማሾ ማሳ ውኃ የሚስብ ስንት ፓምፕ በነዳጅ ይሠራል፥ ወደ ፊትስ ወደ ኤሌክትሪክ ሊዞር የሚችለው የትኛው ነው? ይህ ሁሉ የዛሬው ብቻ ሳይሆን ከዐሥር ዓመት በኋላ የሚሆነውም በግምት ይጻፍ።

ሁለተኛው ቈጠባ ነው። በበዓል ዋዜማ ሴቶች ሁሉ በአንድ ሰዓት ምጣድ ቢጥዱ መስመሩ ይጨነቃል፤ በየተራ ቢጋግሩ ግን ያው መስመር ለሁሉ ይበቃል። ወፍጮው በቀን፥ መብራቱ በማታ ቢሠራ አንዱ ሌላውን አያውክም። ይህን በሕግ ከማዘዝ ይልቅ በዕድርና በማኅበር መክሮ መስማማት ይሻላል። አባቶች የመስኖ ውኃን በተራ ለመጠጣት በየወንዙ የውኃ አባት መርጠው እንደሚተዳደሩ፥ የኤሌክትሪክንም ተራ እንዲሁ ማበጀት አይከብድም።

ሦስተኛው አፈርና ዛፍ ነው። በየዓመቱ ስንት እርከን እንደ ተሠራ፥ ስንቱ እንደ ፈረሰ፥ የትኛው ምንጭ እንደ በረታ ወይም እንደ ደከመ ይጻፍ። ትምህርት ቤቱ የዝናም መለኪያ ዕቃ ቢያቆምና ልጆች የበልግና የክረምቱን ዝናም በየቀኑ ቢጽፉ፥ የዐሥር ዓመት መዝገብ ለመሐንዲስ ከወርቅ ይበልጥበታል። በደጋው ገደል ላይ ትንሽ ማመንጫ ሊሠራ የሚቻልበት ወንዝ ቢኖር፥ ይህ የሚታወቀው በእንዲህ ያለ መዝገብ ነው፤ በክረምት ብቻ ወንዙን አይቶ የሚወጥን ሰው በበጋ ያፍራልና።

አራተኛው የመስመሩ ጥበቃ ነው። ከታላላቁ ምሰሶ ብረት የሚሰርቅ ሰው የአንድ ኩባንያ ንብረት የሰረቀ ይመስለዋል፤ ነገር ግን አንዱ ምሰሶ በወደቀ ጊዜ የሚጨልመው ከዚያ ወዲያ ያለው አገር ሁሉ ነው። በመስመሩ ሥር ረጅም ዛፍ አለመትከል፥ ቤትም አለመሥራት፥ የወደቀ ሽቦ ሲታይ ማንም ሳይቀርበው ለሹም ማስታወቅ ልጅ ሁሉ ሊማረው የሚገባ ነው።

ይህን መዝገብ ለማን ያቀርቡታል ቢባል፥ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የቀድሞው መሥሪያ ቤት በሁለት ተከፍሏል። ኃይሉን የሚያመነጨውና በታላቁ መስመር የሚያስተላልፈው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው፤ ለየቤቱ የሚያከፋፍለውና ሒሳቡን የሚቀበለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። የመንደር ጥያቄ ለሁለተኛው ይቀርባል፤ ወረዳውም ያውቀው ዘንድ ይገባል። በቃል የቀረበ ልመና ይረሳል፤ በቍጥር የተጻፈ መዝገብ ግን ሹም ቢለወጥም ይቈያል። በተራራ ጥግ ያሉ፥ መስመር በቶሎ የማይደርስላቸው መንደሮች ደግሞ በከንቱ ተስፋ ከመጠበቅ ይልቅ የቆላውን ፀሐይ በሰሌዳ ተቀብለው መብራትና ትንሽ ፓምፕ ሊያገኙ ይችላሉ፤ ይህም ከውጥኑ ውጭ የሆነ ሳይሆን የውጥኑ አንዱ ክፍል ነው።

መደምደሚያ

እህል በጎተራ ሳለ የማይቈጥር ቤት በሰኔ ይራባል። የውኃ ኃይልም እንደዚሁ ነው፤ ግድቡ ሞልቶ ሳለ የሚመክር ሕዝብ በድርቅ ዓመት አይደነግጥም። መሐንዲስ የወንዙን ልክ ያውቃል፤ የመንደሩን ልክ ግን የሚያውቁት መንደሩ ውስጥ የሚኖሩት ናቸው። ሁለቱ ዕውቀቶች ካልተገናኙ፥ ታላቅ ግድብ በሩቅ ቆሞ ሳለ በቅርብ ያለች ደሀ እናት በኩራዝ ትኖራለች።

መምህራን ቈጠራውን ለልጆች ያስተምሩ፤ ሽማግሎች ደግሞ ላይኛውንና ታችኛውን ሰው በአንድ ጥላ ሥር አስቀምጠው ያማክሩ። ዛሬ የዝናም መለኪያውን አንብቦ በመዝገብ የሚጽፍ የአጣዬ ልጅ፥ ነገ የአዋሽንና የዓባይን ውጥን ከሚያርሙት አንዱ ሊሆን ይችላል። ፈጣሪ ዝናሙን በወቅቱ፥ ሰላሙን በየቀዬው፥ መልካሙን ምክር በየሸንጎው ይስጥ።